ሌንስህን ሸጠህ ካርድ አትግዛ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ገርጂ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለው፤ ሰርግና ልደት ያነሳል።

"ቲቸር፣ 85 ሚሊሜትሯን ሌንሴን ልሸጣት ነው።"

"ምን ሆነህ?"

"ግራፊክስ ካርድ ልገዛባት። ፎቶሾፑ እየተንቀራፈፈ መሥራት አልቻልኩም። የጥር ሰርግ ደግሞ ደረሰ።"

ለካ መገናኛ አንድ ሱቅ ገብቶ "ይቺን ካርድ ካስገባህ ሁሉም ነገር ይፈጥናል" ብለውታል። "በል ሌንሷን ወደ ቦርሳህ መልሳት፣ መጣሁ" አልኩት።

ሄጄ ኮምፒውተሩን ከፈትነው። ታስክ ማናጀርን ጎን ለጎን አድርገን የተለመደ ሥራውን እንዲሠራ ነገርኩት። ፋይል ሲከፍት፣ ሌየር ሲጨምር፣ ሴቭ ሲያደርግ ዝም ብለን ቁጥሩን እናያለን። ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ 97 ከመቶ ሞልቷል። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ነው፤ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ግራፊክሱ? 10 ከመቶ እንኳን አልደረሰም። ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ይጠብቃል! ከጀርባ ደግሞ ቴሌግራምና ከሃያ በላይ የክሮም ታብ ተከፍቷል።

ልጁ ሌንሱን ሸጦ ሊገዛ የነበረው ሥራ የሌለውን ሠራተኛ ነበር።

የኔ አቋም ይኸው ነው፦ ለፎቶ ኤዲቲንግ ካርድ የሚገዛው የት ቦታ እንደምትጠብቁ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ነው። ሰው ስለነገራችሁ ወይም የጌም ቪዲዮ ስላያችሁ አይደለም። ጌም ተጫዋቹ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚያገኝ ይቆጥራል። እኛ ግን አንድ የሙሽራ ፊት ላይ ሩብ ሰዓት የምንቆይ ሰዎች ነን። ፎቶሾፕ ከ2008 ጀምሮ ግራፊክስ ካርድ ይጠቀማል፤ ነገር ግን አብዛኛው የዕለት ሥራችን፣ ማለትም ሌየር፣ ቆዳ ማጽዳት፣ ከርቭ፣ ዛሬም በዋናነት ፕሮሰሰሩና ራሙ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ደግሞ ራሴን ልክሰስ። ክፍል ውስጥ "ለፎቶ ካርድ አያስፈልግም" ስል የሰማችሁኝ ብዙ ናችሁ። ያ አባባል እስከ 2023 ድረስ ብዙም ስህተት አልነበረም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ ላይትሩም ውስጥ ዲኖይዝ የሚባለው ነገር ገባ፤ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የፎቶን ጥርጥር የሚያጸዳው። እሱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ካርዱ ላይ ነው የሚሠራው።

ይሄ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የማታ ፕሮግራም ታውቁታላችሁ፦ አዳራሹ ጨለማ፣ መብራቱ ሐምራዊ፣ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ። አይኤስኦ 6400 ሳይወጣ የሚነሳ ፎቶ የለም። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ካርድ በሌለው፣ አንድ ሮው ፎቶ ለማጽዳት 6 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ባለ 12 ጊጋ አርቲኤክስ 3060 ያለው ጓደኛዬ ጋ ያው ፎቶ 20 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከአንድ ሰርግ 120 የማታ ፎቶ ብትመርጡ እኔ ጋ 12 ሰዓት፣ እሱ ጋ 40 ደቂቃ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ በየሳምንቱ ላለው ሰው ካርድ ቅንጦት አይደለም። እንቅልፍ ነው።

ተማሪዬ ግን የሚጠቀምበት ስሪት የ2020 ነው። ዲኖይዝ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም! ካርዱን ቢገዛ እንኳን የሚያሠራው ነገር አልነበረውም።

እሺ፣ ካርድ ያስፈልገኛል ብላችሁ ከወሰናችሁስ?

መጀመሪያ የካርዱን ሜሞሪ እዩ። ለዲኖይዝ አዶቢ ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋ ይመክራል። ባለ 4 ጊጋዎቹ ይሠራሉ፣ ግን ያቃስታሉ። ከመካከለኛው በላይ ያለው ውድ ካርድ ደግሞ ለቪዲዮና ለስሪዲ ሠራተኞች እንጂ ለእኛ ብዙም አይደለም።

ሁለተኛ ፓወር ሰፕላዩን እዩ። እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሠራው ከውጭ ቢሮ ተርፈው በመጡ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ነው። የትናንሾቹ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለካርድ የሚሆን ገመድም የለውም፤ ረጅም ካርድም ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይጎትታል፤ 4060 ደግሞ 115። እኔ ይህን ሳላይ አንድ ጊዜ ካርድ ገዝቼ ፓወር ሰፕላዬን አቃጥያለሁ፤ ያውም በሰርግ ወቅት። አንዲት ሙሽራ አልበሟን ሦስት ሳምንት አዘግይቼባታለሁ። እናቷ የተናገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ላፕቶፕ የምትገዙ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ የላፕቶፕ ካርድ በኋላ አይቀየርም።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ የራሳችሁን ሮው ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ላይትሩም ያለበት ኮምፒውተር ላይ ካርዱን አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። መስከረም 2022 እንደ ፈረንጅ፣ ኢቴሪየም በካርድ መቆፈር ሲያቆም ዓለም ላይ ብዙ የደከመ ካርድ ለሽያጭ ወጥቷል። ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ የድሮ ካርድም አለ፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። ሻጩ "አይቻልም፣ መሞከር የለም" ካለ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ውጡ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ነገ ይቀየራል። ግን አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። አርቲኤክስ 4060 ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ ይህ 17 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ዶላር 130 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ስታባዙት ወደ 39 ሺህ ይጠጋል፤ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። ድሮ ስህተት ብንገዛ "ይሁን፣ ትምህርት ነው" እንል ነበር። ዛሬ ትምህርቱ የአንድ ሌንስ ዋጋ ነው።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ራም፣ ከዚያ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ጥሩ ስክሪን፣ በመጨረሻ ካርድ። ስክሪኑን አትናቁት። ርካሽ ስክሪን ላይ ያማረ የሀበሻ ቆዳ አልበሙ ሲታተም ቀይ ወይም አመድ ሆኖ ይወጣል። ያንን ደግሞ የትኛውም ካርድ አያስተካክልም። ደንበኛ የሚያየው የእናንተን ፍጥነት አይደለም፤ ፊቷን ነው።

ልጁስ? ራሙን ወደ 16 ጊጋ አሳደግን፣ ኤስኤስዲ አስገባን። የካርዱን ዋጋ ሩብ እንኳን አልጨረሰም። ማታ "ቲቸር፣ ይሄ የኔ ኮምፒውተር ነው?" ብሎ ጻፈልኝ። ሌንሷ አሁንም ቦርሳው ውስጥ ናት። ጥር ላይ ሙሽሮቹን የምታነሳው እሷ ናት፤ ካርድ ፎቶ አያነሳም።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ኮምፒውተራችሁን፣ ፓወር ሰፕላያችሁንና የት ቦታ እንደምትጠብቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የምችለውን እመልሳለሁ። የማትስማሙም ካላችሁ ጻፉ፤ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ያውቃለሁ፣ ደግሜ ልሳሳት እችላለሁ።

መልካም የሰርግ ወቅት!