ውሃው የአሠሪው ይሁን

ጅማ ሙቀት የላትም ይባላል። ሰመራን፣ ጋምቤላን ወይም ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዛፏ ብዙ፣ ዝናቧም የማይነጥፍ ነው። የየካቲትና የመጋቢት ቀትር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ አያልፍም። ግን ይህን የምንለው ጥላ ሥር ተቀምጠን ቡናችንን የምንጠጣ ሰዎች ነን። አወቱ መንደራ ሰፈር ከአይሱዙ ጆንያ የሚያወርደውን ልጅ የሚያሞቀው አየሩ ብቻ አይደለም። ጡንቻ በሥራ ላይ ከሚያወጣው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ከባድ ጆንያ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ምድጃውን ውስጡ ይዞ ነው የሚሄደው። ያንን ሙቀት የሚያስወጣለት ላቡ ነው፤ ላብ ደግሞ ያለ ውሃ አይመጣም።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ሁሉም በአንድ ሰሞን መምጣቱ ነው። ቡናው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ጀንፈሉ ደርቆና ተፈልፍሎ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ከአጋሮ፣ ከየቡ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ ወደ ጅማ መጋዘኖች ሲጎርፍ በጋው በርትቶ ይጠብቀዋል። ጾሙም እዚያው ላይ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታትም ከበጋው አይወጣም። ስለዚህ ብዙ ቡና በሚጫንበትና ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት፣ ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ እስከ ቀትር ወይም እስከ ምሽት ውሃ በአፋቸው አይዞርም።

አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ መኪና ሲራገፍ ቆሜ አይቻለሁ። ሸራው ገና ከላዩ አልተነሳም፤ ከውስጥ የሚወጣው አየር ፊት ይገርፋል። ጫኝና አውራጆቹ ማዳበሪያ አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፈው እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተዋል። የቡናው ገለባ ብናኝ አንገታቸው ላይ ከላቡ ጋር ተጣብቋል። የደረቀው ላብ ሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ጎማው ጥግ አንድ ሃይላንድ ውሃ ተቀምጧል፤ ፀሐይ አሙቃዋለች። የሚጠጣው ሰው አንድ ጉንጭ ይወስድና ለሌላው ያቀብላል። አንዱን ወጣት ለምን ጠገብ አድርጎ እንደማይጠጣ ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ ብጠጣ ሽንት ይመጣል። ሽንት ቤት የት አለ? ደርሼ እስክመለስ ደግሞ ተራዬ ያልፋል” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ “ውሃ ጠጡ” የሚል ምክር ስሰማ ይህ መልስ ይመጣብኛል። ልጁ ውሃ እንደሚያስፈልገው አያጣውም። የሚከፈለው ግን በጆንያ ቁጥር ነው፤ ቆሞ የሚጠጣበት፣ ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥበት፣ ሽንት ቤት የሚሄድበት ደቂቃ ሁሉ ከኪሱ ይቆረጣል። የእጅ ጋሪ የሚገፋውም፣ ዕቃ በሞተር የሚያደርሰውም እንዲሁ ነው። አካሉን ማዳመጥ ገንዘብ የሚያሳጣው ሰው ዘንድ ምክር ብቻውን አይሠራም። ውሃውንም እረፍቱንም ማቅረብ ያለበት ሥራውን የሚያሠራው ነው።

መጠኑን በተመለከተ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ምክር ግልጽ ነው፤ በሙቀት ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥም ሳይጠብቅ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፣ በሰዓት ግን ከአንድ ሊትር ተኩል አይለፍ ይላሉ። ከመጠን በላይ የሆነ ባዶ ውሃ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። ምግብ በአግባቡ የሚበላ ሰው የላቡን ጨው ከምግቡ ይተካል። ሳይበላ ለሚውል ሰው ግን ጨው ጣል የተደረገበት በሶ ብጥብጥ ውሃም ጉልበትም ይሆናል፤ እናቶቻችን ለመንገደኛ ይቋጥሩለት የነበረውም ይኸው በሶ ነው። ቡናንም በከንቱ እንወቅሰዋለን። በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በርሚንግሃም ቡና መጠጣት በለመዱ 50 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን አራት ኩባያ ቡና ከውሃ የተለየ ድርቀት እንደማያመጣ አሳይቷል። ነገር ግን የእኛ ስኒ ትንሽ ናት፤ ሦስቱም ዙር ተደምሮ የአንድ ሰዓት ላብ አይተካም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጫቱ ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምን ደግሞ ይሸፍናል፤ በፀሐይ ለሚሸከም ሰው ድካም ግን ማስጠንቀቂያው ነው።

ሁለት የለመድናቸው ነገሮች ሰው ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ። አንዱ “ላብህ ሳይደርቅ ውሃ አትጠጣ” የሚለው ነው። ያላበው ሰው ነው ውሃ የሚያስፈልገው፤ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሁለተኛው ፀሐይ የጣለው ሰው ሁሉ ምች መታው መባሉ ነው። ዳማከሴ የሚያሻሽ እጅ ፍቅር ያለበት እጅ ነው፤ ግን የተሸከመ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ እያላበው እንኳ ቢሆን። ያኔ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ገላው ላይ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ነው፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት። ባጃጁ እስኪመጣም፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እየሄደም ማቀዝቀዙ አይቋረጥ።

ውሃውንና እረፍቱን አሠሪው ያቅርብ ስል ነጋዴውን ለማክሰር አይደለም። በኤል ሳልቫዶር የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ዘንድ የኩላሊት ሕመም ወጣቶችን እየገደለ ስላስቸገረ፣ ተመራማሪዎች ለአንድ ቡድን በጀርባ የሚታዘል ውሃ፣ ተንቀሳቃሽ ጥላ፣ የታቀደ እረፍትና የተሻለ መቁረጫ ሰጥተው ሞከሩት። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት አንድ ሰው በቀን የሚቆርጠው ከ5.1 ቶን ወደ 7.3 ቶን ከፍ ብሎ ነበር። ያረፈውና የጠጣው ሰው የበለጠ ቆረጠ። ወገኖቻችን በሚሠሩባት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በቀትር ሰዓታት ፀሐይ ላይ መሥራት ይከለከላል፤ ለሞተረኛ ዕቃ አድራሾች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዝቃዛ ማረፊያዎች አሉ።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ችግሩ ጫኝና አውራጁ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ነጋዴ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ማኅበር ያላቸው ዋጋ ሲደራደሩ የሚነሳው የጆንያው ሒሳብ ብቻ ነው። ሸክሙ ራሱ ከልክ ያለፈ ነው፤ የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ወደዚያ እንዲወርድ ይጠይቃል፤ ወደ ውጭ የሚላከው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፣ ኩንታል ሲባል ደግሞ 100። ኪሎው እስኪቀነስ ድረስ በውሉ ላይ ጥቂት ነገር ይጨመር። መኪናው በሚራገፍበት ቦታ ክዳን ያለው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ከነኩባያው ይቀመጥ፤ ሸራ ይወጠር፤ የመጋዘኑ ሽንት ቤት ለተሸካሚውም ይከፈት፤ ጠጥቶ ወይም ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ተራው አይለፈው።

ለጾመኛው ደግሞ ሰዓቱ ይቀየርለት። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢራገፍ፣ ቀሪው ከኢፍጣር በኋላ በመብራት ቢጫን ቡናው ምንም አይሆንም። ባለመጋዘኑ የሚጨምረው የመብራትና የዘበኛ ወጪ ነው፤ ይህንንም ረመዳን ሳይገባ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ በዋጋው ውስጥ ማስገባት ይቻላል።