በኮምፒውተሩም በስልኩም አንድ ብራውዘር

እንደሚታወቀው የማስተማር ልምምድ በተቃረበ ቁጥር የኮምፒውተር ክፍላችን ይጨናነቃል። ሠልጣኙ ተራ ጠብቆ ይገባና ለትምህርት ዕቅዱ የሚረዳውን ገጽ ሲያስስ ይውላል። ደህና ነገር ሲያገኝ በመጽሐፍ ውስጥ ክር እንደምናስገባው ሁሉ ዕልባት ያደርግበትና ይነሣል። ከዚያም ዋሂል ወይም ቢዮ አዋሌ ይመደባል። እዚያ በእጁ ያለው ስልኩ ብቻ ነው፤ ቢከፍተው ያ ሁሉ ዕልባት የለም! የቀረው ድሬዳዋ፣ ያውም ዛሬ ሌላ ሰው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ ኤጅን ይዞ ይመጣል፤ ስልኩ ደግሞ ፋብሪካው የጫነለት ሌላ ብራውዘር አለው። ብዙዎቻችን በዚያ ላይ ኦፔራ ሚኒን እንጨምራለን፤ ዳታ ይቆጥባላ! ቁጠባው እውነት ነው፤ ገጹን ኩባንያው በራሱ ኮምፒውተር ጨምቆ ነው የሚልከው። ነገር ግን በጣም ሲጨመቅ መልመጃ የሚሠራባቸው ገጾች ይሰናከላሉ። ዋናው ችግር ግን የተለያዩ ኩባንያዎች ብራውዘሮች ዕልባታቸውን በራሳቸው የማይለዋወጡ መሆኑ ነው።

ስለሆነም በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ብራውዘር እንጠቀም እላለሁ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ለኮምፒውተር፣ በ2012 ለአንድሮይድ ስልክ ወጥቷል፤ ፋየርፎክስም በሁለቱም ላይ ይሠራል። በአንድ አካውንት ከተገባ ዕልባቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እኔ ፋየርፎክስን እመርጣለሁ፤ መረጃውን ገና ከመሣሪያው ሳይወጣ ስለሚቆልፈው ድርጅቱ ራሱ እንኳ አያነበውም። ክሮም ይህን ያህል የሚቆልፈው ተጠቃሚው የራሱን የምስጢር ሐረግ ሲያስገባ ነው። እስቲ ከመካከላችን ይህን ያደረገ ማን አለ?

«በጋራ ኮምፒውተር ላይ አካውንት መክፈት አደገኛ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። እውነታቸውን ነው። የይለፍ ቃሉን አስቀምጦ የሄደ ሰው ቀጥሎ ለሚቀመጠው በሩን ከፍቶ ነው የሄደው። ቢሆንም መፍትሔው መከልከል አይመስለኝም። የሚመሳሰለውን መምረጥ ይቻላል፦ ዕልባት ብቻ ምልክት ይደረግበት፣ የይለፍ ቃል ይቅር። ሲወጡም ፋየርፎክስ «መረጃው ከዚህ መሣሪያ ይሰረዝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎን ማለት ነው። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን አካውንቱ እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል፤ ሲመጣ ተመልሶ መዝጋት ግድ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚተላለፈው የገጹ አድራሻ እንጂ ገጹ ራሱ አይደለም፤ ያወረድነው ፋይልም አብሮ አይሄድም። ኔትወርክ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ዕልባት ብቻውን ምን ያደርጋል? የግድ የሚያስፈልገውን ገጽ ከመሄድ በፊት በፒዲኤፍ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። በስልኩ ጠባብ መስታወት ላይ ሠንጠረዥ ተቆርጦ ከታየም የኮምፒውተሩን ገጽታ የሚያመጣ ምርጫ በብራውዘሩ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊዎች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ብራውዘር ይጫን፤ ከአካውንት አወጣጡም በትልቁ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ። የልምምድ ምደባው ከመውጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ለመጫኑ የሚረዱ ሠልጣኞችም አይጠፉም።