ሆም ቲያትሩን አትስበሩት፤ ድምፁን ግን ከግድግዳው መልሱት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ የመስጂዱን በር ስዘጋ፣ አንዲት ክርስቲያን እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። እዚሁ ካቺሲ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ወንድማቸውን ከቀበሩ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር።

«ልጄ፣ ለክስ አይደለም የመጣሁት» አሉኝ። «ረከቦቴ ላይ ያለው ስኒ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እንቅልፍ ያጣሁት በሐዘኔ ይሁን በስኒው እኔም አላወቅሁም። ለልጁ አንተ ብትነግርልኝ ብዬ ነው።»

«ልጁ» ያሉት የኛው ልጅ ነው። ተራዊሕ ላይ ከፊተኛው ሶፍ የማይጠፋ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ወጣት። ከአሮጌ ቴፕ ስፒከር ፈትቶ፣ አምፕሊፋየር ቦርድ ገዝቶ፣ ሳጥኑን በኮምፔርሳቶ ራሱ ቆርጦና በኮላ አጣብቆ ሆም ቲያትር ሠርቷል። ከተራዊሕ በኋላ ጓደኞቹ ይሰበሰቡና እስከ ሱሑር ኳስና ፊልም ያያሉ። የእሱ ክፍልና የእኚያ እናት ቤት ደግሞ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያቸው።

ነገሩ መስጂድ ውስጥ ሲነሳ ጀማዓው ለሁለት ተከፈለ። አባቱ «ዛሬውኑ አውጥቼ እሰብረዋለሁ» አሉ፤ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ደገፏቸው። ወጣቶቹ ደግሞ «በገዛ ቤታችን፣ በራሳችን ቆጣሪ የምናየውን ማን ይከለክለናል?» አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልተስማማሁም። ዛሬ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ ነው።

«ስበሩት» ለሚሉ አባቶቻችን

አዲስ ነገር ሲመጣ መፍራት የቆየ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ፤ ዛሬ ከአባቶቻችን ሳሎን አልፎ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ዕቃው ዕቃ ነው፤ ፍርዱ በሚታይበት ነገር ላይ ነው። ነውር የሚታይበት ከሆነ ነውር ነው፤ ትልቅ ስክሪን ሐላል አያደርገውም። ትምህርት፣ ቁርኣን፣ ዜና፣ የአገር ታሪክ የሚታይበት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ምን በደለ?

ስለ ማየትና ስለ መጫወት ስናወራ አንድ ሐዲስ አለ፤ እኛ ሐበሾች ልንረሳው አይገባም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦራቸው ይጫወቱ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) በኩታቸው ጋርደው፣ እሷ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆመው አሳይተዋታል። ዑመር (ረ.ዐ) ጠጠር አንስቶ ሊወረውርባቸው ሲል ደግሞ እንዲተዋቸው አዘዙት። ልብ በሉ፤ ዓኢሻ ብቻዋን ተደብቃ አይደለም ያየችው። ቤተሰቧ አጠገቧ ቆሞ ነው።

አባቶቼ፣ እስቲ ሌላውን ነገር አስቡ። ዕቃውን ብትሰብሩት ልጁ ማየቱን ይተዋል? ሁለት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው መጋረጃ የተጋረደበት ቪዲዮ ቤት ነው፤ እዚያ ጫቱም ሺሻውም አብሮ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፤ ስልኩን ይዞ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ማንም የማያፍረው ሰው በሌለበት። በኔ አስተያየት ዛሬ ለወጣት ዲን አደገኛው ስክሪን ትልቁ አይደለም፤ መዳፍ ላይ የሚይዘው ትንሹ ነው። ሳሎን መሃል ያለ ቴሌቪዥን ላይ ነውር የሚከፍት ልጅ የለም፤ እናቱ ቡና ልታፈላ ትገባለች፣ ታናሽ እህቱ ትቀመጣለች። ስለዚህ ልጁን ከስክሪን ለማራቅ ከመታገል ስክሪኑን ከጓዳ ወደ ሳሎን ማውጣት ይቀላል፤ ይጠቅማልም።

«ቤቴ ነው» ለሚሉ ወንድሞቼ

ቤቱ የናንተ ነው፤ ድምፁ ግን ግድግዳውን ካለፈ በኋላ የናንተ አይደለም። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከመምከሩ የተነሳ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ ደርሰው ነበር። ይህ ጎረቤት ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን የሚል ልዩነት አልተቀመጠበትም። አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ደግሞ መረቅ ሲሠራ ውሃ ጨምሮ ለጎረቤቱ እንዲያካፍል አዘውታል። እኔ ከዚህ የተማርኩት ከቤታችን ወጥቶ ጎረቤት የሚደርሰው ነገር መልካም መሆን እንዳለበት ነው። የወጥ ሽታ ከደረሳቸው ወጡም ይድረሳቸው። ሐዘን ላይ ላለች እናት በሌሊት የደረሳት የኛ ዱም ዱም ከሆነ ግን ምን ብለን እንመልሳለን? በሱረቱ ሉቅማን አባት ለልጁ ከመከረው ውስጥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ አንዱ ነው።

«እኛ ድምፅ ቀንሰናል፣ መጋረጃም ሰቅለናል» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ሙያውን ማወቅ ያስፈልጋል። መጋረጃና ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ፣ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳሉ። ቤዙን ግን አይዙትም። 50 ኸርዝ የሆነ የቤዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ስንዝር ለሚሆን የጭቃ ግድግዳ አይቆምም። ለዚህ ነው ጎረቤት ንግግሩን ሳይሰማ ስኒው ብቻ የሚንቀጠቀጥበት። እናንተ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ «ድምፁ ደህና ነው» ብትሉ ምስክርነታችሁ አይያዝም። ምስክሩ ያለው ግድግዳው ማዶ ነው።

ያደረግነው ይህን ነው። ኢፍጣር በልተን ልጁና እኔ እኚያ እናት ቤት ገብተን ተቀመጥን፤ ጓደኛው እዚያኛው ቤት ሆኖ ከፈተው። በስልክ «ጨምር፣ ቀንስ፣ አንሳው፣ አዙረው» እያልን አዳመጥን። የቤዙ ሳጥን በጋራው ግድግዳ ጥግ፣ መሬት ላይ ነበር የተቀመጠው። ጥግ ማለት ደግሞ ቤዝ የሚያብጥበት ቦታ ነው። ወደ ተቃራኒው ግድግዳ፣ ከጥግ አውጥተን፣ እነሱ ወደሚቀመጡበት አቀረብነው። ከሥሩ ካላማዳሪ አጣጥፈን አነጠፍን፤ ንዝረቱ ወደ ወለል እንዳይወርድ። ከዚያ ስኒው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልገን የድምፅ መጨመሪያው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግን። ከምልክቱ በላይ ያለው የጎረቤት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋል፤ ንግግር ለመስማት ቤዝ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ዋት ማሳደድ የገንዘብም ኪሳራ ነው። የ100 ዋቱን ወደ 50 ብታወርዱት ጆሮ የሚለየው ጥቂት ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስፒከሩን ወደ ራሳችሁ ማቅረብ ግን ምንም አያስወጣም። ስክሪኑም እንደዚያው ነው፤ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 2 ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዝታችሁ አትጸጸቱ። አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው በድንገት ሲቆም ዕድሜው ያጥራል።

ከጎረቤት ሐቅ ቀጥሎ የነፍስ አማና አለ

በእጅ የተሠራ ዕቃ ጥሩ ነው፤ ቤት የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሙያ አይባልም። ቤታችን ጭቃና እንጨት፣ ኮርኒሳችን ብዙ ጊዜ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ፦

1. ፊውዝ ሲቃጠል በማስቲካ ወረቀት ወይም በሽቦ አትተኩት። ፊውዙ የተቃጠለው እናንተን ለማዳን ነው። ተመሳሳዩን ቁጥር ግዙ፤ እንደገና ከተቃጠለ ውስጡን አስፈትሹ።

2. ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር አትሰኩት። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ሲበራ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይነሳል፤ አምፕሊፋየሩ መሃል ላይ ይሰቃያል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

3. ስፒከር ስትጨምሩ ኦሙን ቁጠሩ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ስታገናኙ 4 ኦም ይሆናል፤ አራቱን እንደዚያ ስታገናኙ 2 ኦም። አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም በታች አይችልም ከተባለ በ2 ኦም ይግላል፤ ቆይቶም ይቃጠላል።

4. ከሶኬት ነቀልን ብላችሁ ወዲያው እጃችሁን አታስገቡ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። አናታቸው ያበጠ ከሆነ ወይም ስፒከሩ ያለማቋረጥ «እምምም» የሚል ከሆነ የሚቀየሩበት ጊዜ ደርሷል።

5. አምፕሊፋየሩ ይተንፍስ። ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሱት፤ አቧራውን በየወሩ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ገመዱን አይጥ የማይደርስበት ቦታ አሳልፉ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ፤ መብረቅ በዚያም ይገባል።

እኛም ከራሳችን እንጀምር

ይህን ሁሉ ለወጣት ብቻ ብዬ ብዘጋው ሐቅ አልናገርኩም። የመስጂዳችንን አምፕሊፋየር የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግንልኝ ያው «ይሰበርበት» የተባለው ልጅ ነው። አዛን የታወቀ ጥሪ ነው፤ አጭርም ነው። ግን ከዒሻእ በኋላ አሥር ሰው ተቀምጦ የሚማረውን ደርስ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው በውጭው ሆርን መልቀቅ ምን የሚሉት ነው? አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ ሰምተው መጋረጃውን ገለጡና፣ ሁሉም ከጌታው ጋር በምስጢር እያወራ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግር አሳስበዋል። በቁርኣን እንኳ እንዲህ ከሆነ የኔ ማስታወቂያና የልጁ ፊልም ምን ይባላል? ኢማማችንን አስፈቅጄ ለደርስ የውስጡን ስፒከር ብቻ ማብራት ጀምሬያለሁ። አንዳንዱ ቅር ብሎታል። እኔ ግን ራሴ የማላደርገውን ወጣት አድርግ ብዬ መምከር አልችልም።

የልጁን ነገር ልጨርስላችሁ። አባቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ዕቃው ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን ይሁን አሉ። ሆነ። በዒድ ማግስት «አር-ሪሳላ»ን ከፈቱ፤ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም የማይታዩበት ፊልም። ሶሓባዎቹ ነጃሺ ፊት የሚቆሙበት ቦታ ሲደርስ አባትየው «ይኼ የኛ አገር አይደለም እንዴ?» ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ። ግድግዳ ተጋሪዋ እናት የልጅ ልጃቸውን ልከውት እሱም ምንጣፉ ላይ ነበር። እኚያ ስደተኞች የተጠለሉት በክርስቲያን ንጉሥ ጉርብትና መሆኑን ለማስረዳት እኔ ምንም መናገር አላስፈለገኝም።

ወንድሞቼ፣ መሥራቱን አትተዉ። እጃችሁ የለመደው ሙያ ነገ ሐላል እንጀራ ሊሆናችሁ ይችላል። ግን ዛሬ ማታ ከከፈታችሁት በኋላ ተነሱና ውጡ። ጎረቤታችሁን አንኳኩ፤ ከፈቀዱላችሁ ግድግዳውን ከዚያኛው በኩል ሆናችሁ አዳምጡ። የሰማችሁት ነገር ካሳፈራችሁ ምልክታችሁን ዝቅ አድርጉ።

አላህ ቤታችንን የሰላም ቤት ያድርግልን፤ ጎረቤቶቻችንንም ከኛ ክፉ ይጠብቃቸው። አሚን። ስህተት ካለበት ከኔ ነው፤ ትክክል ከሆነ ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።