ሳይለኩ «ንጹሕ ነው» ማለት

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህን ብሂል ያስታወሰኝ ስለ ጋምቤላ የመጠጥ ውሃ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ያገኘሁት መልስ ነው። በጀዊ የስደተኞች መጠለያና በዙሪያው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ከነዳጅ ብክለት ነጻ መሆኑ ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቅሁ። ኃላፊው ፈገግ ብለው «ዶክተር፣ ውሃው ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ምን ምን ተመረመረ?» ብዬ ብደግም፣ ዝርዝሩ ክሎሪን፣ ድፍርስነትና ባክቴሪያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነዳጅ የሚባል ነገር የለበትም። ታዲያ ያልተፈለገ ነገር «አልተገኘም» ሲባል ምን የሚሉት ማረጋገጫ ነው?

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። መጠለያው የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌይችዎር መጠለያ በጎርፍ ከተዋጠ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩበታል። በጋምቤላ መጠለያዎች ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ ፓምፖች ለረጅም ዓመታት በናፍጣ ጄኔሬተር ሲሠሩ ኖረዋል። ጄኔሬተር የሚተከለው በጉድጓዱ አቅራቢያ ነው፤ የናፍጣው በርሜልም ከጄኔሬተሩ ጎን ይቀመጣል። ስለዚህ የአደጋው ምንጭ ከውሃው አፍ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። በከተማ ደግሞ የማደያ ታንከሮች ከመሬት በታች ይቀበራሉ። ብረት ይዝጋል፤ መጋጠሚያ ይላላል። ጎርፍ ሲመጣና የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ ባዶ ታንከር እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ቧንቧውን ሊበጥስ ይችላል።

ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀልል በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉም ይሟሟል። ከሚሟሟው ውስጥ አደገኛው ቤንዜን ነው። ከማደያ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር አይምታታብን፤ ይህ በውስጡ ያለ፣ የደም ካንሰር የሚያስከትል ኬሚካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ክሎሪን አያስወግደውም። ናፍጣ ግን ቤንዜን በብዛት ስለማይዝ፣ የናፍጣ ፍሳሽ በሚጠረጠርበት ቦታ ጠቅላላው የፔትሮሊየም ሃይድሮካርቦን መጠንም መለካት አለበት። የባክቴሪያ ምርመራ ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይነግረንም።

ሳይለኩ መቀመጥ የት እንደሚያደርስ አፍሪካ አይታዋለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ናይጄሪያዋ ኦጎኒላንድ ባወጣው ሪፖርት፣ ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለ ቦታ ሰዎች ከጉድጓድ የሚጠጡት ውሃ ቤንዜኑ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ከ900 እጥፍ በላይ እንደሆነ ገለጸ። በከርሰ ምድር ውሃው ላይም 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ ተገኘ። ወደ ጎረቤትም እንይ። ከጀዊ ስደተኞች ብዙዎቹ የሸሹበት የላይኛው ናይል ግዛት የነዳጅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሶሺየትድ ፕሬስ እንዳጋለጠው፣ በዚያ ያለውን ብክለት የሚያስረዱ ሪፖርቶች ለኩባንያዎቹና ለነዳጅ ሚኒስቴሩ ከቀረቡ በኋላ ተቀብረው ቀርተዋል። እነዚህን ሰዎች እዚህም በዝምታ ልንቀበላቸው ነውን?

«ሕዝብ አታስደንግጥ» የሚሉኝ አሉ። እኔ የጀዊ ውሃ ተበክሏል አላልሁም፤ ሳይለካ ንጹሕ ነው ማለት ውሸት ነው ነው ያልሁት። ደግሞስ የሚያስደነግጠው ልኬት ነው ወይስ ወሬ? በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በጀዊ አንድ መኪና ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ከገደለ በኋላ በተነሣው የበቀል ጥቃት ከአሥር በላይ ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ውሃው ተመርዟል» የሚል ሹክሹክታ ቢነሣ፣ በምን ወረቀት እናበርደዋለን? የታተመ ውጤት ያለው መንግሥት ወሬን ይመልሳል፤ የሌለው ግን ከወሬው ጋር ይሮጣል።

«ገንዘብ የለም» የሚሉም አሉ። ምርመራው ግን ከማደያና ከጄኔሬተር መዝገብ ይጀምራል፤ የገባው ነዳጅ ከወጣው ጋር ይመሳከራል። ይህ እስክሪብቶ እንጂ ዶላር አይፈልግም። ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ቢያንስ ሦስት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የሚታወቀው ከሦስት ነጥብ ነውና። ናሙናው የአየር አረፋ በሌለበት የመስታወት ብልቃጥ ተይዞ፣ ቀዝቅዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የውሃው ወለል ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ በበጋው ማብቂያም በክረምቱም ይለካል። ይህ ሁሉ፣ የተበከለን የከርሰ ምድር ውሃ በኋላ ከማጽዳት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ሕጉም አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት የሰጠው ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሰዎች ነው፤ ስደተኛውም ከዚያ ቃል ውስጥ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጠፋው አንቀጽ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ነዳጁ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ውሃው የሌላው፣ ስደተኛው የሦስተኛው፣ በሽተኛው የአራተኛው ይባላል። የቤንዜን ጠብታ ግን የመሥሪያ ቤት ወሰን አያውቅም።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። በጀዊና በጋምቤላ ከተማ ያለ እያንዳንዱ የነዳጅ ታንከርና ጄኔሬተር ይመዝገብ። አጠገባቸው ያሉ ጉድጓዶች በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርመሩ። ውጤቱም በአኝዋክ፣ በኑዌርና በአማርኛ ተጽፎ በየቦኖው ይለጠፍ፤ ጀሪካን የያዘችው እናት የምታስቀዳውን ትወቅ። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ከሁሉ በፊት እልል የምለው እኔ ነኝ። ሳይለኩ እልል በሉ ለሚሉን ግን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን አንርሳባቸው።

ቸር ይግጠመን።