ቦሎውን በጉቦ እንገዛለን፤ ነፍሳችንንስ በምን?

ጎበዝ፣ እስኪ ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ሳምንት እናሳርፈውና ስለ መኪና እግር እናውራ። “ምን ነካው ይሄ ሰውዬ፣ አገር በስንት ነገር ተወጥራ ስለ ብሎንና ስለ ላስቲክ ይጽፋል?” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ። የአገር ነገር አንዳንዴ ከመድረኩ ንግግር ይልቅ መኪና ሥር ተጋድመው ሲያዩት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጸሐፊ ያለችው መኪና አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ዲ ኤክስ ናት። የተሠራችው በ1974 ዓ.ም. ነው። እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ሌሎች ሦስት ጌቶች አገልግላለች። ልጆቼን ትምህርት ቤት፣ እናቴን ሐኪም ቤት፣ ጎረቤትን ለቅሶ ቤት ስታመላልስ የኖረች ባለውለታ ናት። እንደየዓመቱ ልማድ ለቴክኒክ ምርመራ ይዣት ሄድኩ። መርማሪው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ረዘም ያለ ብረት በፊት ጎማው በኩል ሰካና ነቅነቅ አደረገ። ቀጥሎ የራሱን ጭንቅላት ነቀነቀ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈልኝ “የፊት እግር ልቅ፤ አላለፈም” የሚል ብቻ ነው። የቀኙ ነው የግራው? ላስቲኩ ነው ብረቱ? ዛሬ የሚገድል ነው ወይስ ለከርሞ የሚቆይ? ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። “ቀጣይ!” ተባለ፤ በቃ።

ከግቢው በር ሳልርቅ አንድ ወጣት መስኮቴን ቆረቆረው። “ፋዘር፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ። መኪናዋን ማምጣትም አያስፈልግዎትም፤ ወረቀቱ አልፎ ይጠብቅዎታል” አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። እውነቱን ልናገርና የመሸበት ልደር፤ የጠየቀው ገንዘብ ጋራዥ ከሚጠይቀኝ በብዙ ያነሰ ነበር። እጄ ወደ ኪሴ ገብቷል። አዎ፣ እኔው! ቡና ላይ ተቀምጬ ስለ ሙስና ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸው ሰውዬ!

ያስቆመኝ ጽድቅ አይደለም። መኪናዋ ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል “ጓ! ጓ!” የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረች ወራት አልፏታል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ራዲዮኑን ከፍ አደረግሁ! በዚያው በቀኝ በኩል የምትቀመጠው የመጨረሻዋ ልጄ ናት። መርማሪው “ልቅ ነው” ሲል የነገረኝ እኔ እያወቅሁ በዘፈን የሸፈንኩትን ነገር ነው። ይህ ትዝ ሲለኝ እጄ ባዶውን ከኪሴ ወጣ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ጋራዥ ገባሁ። አለቃው መኪናዋን ከፍ እንኳ ሳያደርግ “ይቺ ሙሉ እግሯ ነው የሚቀየረው” አለኝ። አራቱም አሞርዛተር፣ ሞላው፣ የታችኛው ክንድ በሁለቱም በኩል፣ የመሪ ቴስቲኒው፣ ሁሉም! ያቀረበልኝ ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜን ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

“ታዲያ አሮጌዋን ሸጠህ ሌላ አትገዛም?” የሚል ይኖራል። በምን አቅሜ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲዋዥቅ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው። እናም እንደ እኔ ላለው ሰው አሮጌ መኪና መንዳት ምርጫ ሳይሆን ዕጣ ሆኗል። ፊቱ ያሉት በሮች ሦስት ናቸው፦ ለደላላ መክፈል፣ ለትልቁ ጋራዥ መበደር፣ ወይም መኪናዋን አጥር ሥር አቁሞ ዶሮ ማሳደሪያ ማድረግ።

አራተኛ በር አለ ነው የምለው። ስሙም “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይባላል።

አራተኛውን በር ያሳዩኝ ሠፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው የቆርቆሮ ጥላ ነው። “አንተ ልጅ፣ እግር እንዲህ በጅምላ አይታከምም። የሚያመውን ጠይቀው፣ ይነግርሃል” አሉኝ። ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ ማንም ሰው ቆሞ ሊያስደርገው ይችላልና።

መጀመሪያ የመኪናዋን አፍንጫ በአንድ በኩል በክብደታቸው ተጭነው ለቀቁት። መኪናዋ ተመልሳ አንዴ ከፍ ብላ ረጋች። “አሞርዛተሩ ደህና ነው። ቢሞት ኖሮ እንደ ፈረስ ሁለቴ ሦስቴ ትዘል ነበር” አሉ። አራቱንም ማዕዘን እንዲሁ ሞከሩ። ዘይት ያንጠባጠበ እንዳለም በእጃቸው ዳበሱ። የለም። በቃ፣ ያ ሁሉ የአራት አሞርዛተር ዋጋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሒሳቡ ወጣ!

ቀጥለው መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ። ልብ በሉ፣ በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ኑዛዜውን ጽፎ ይግባ! ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ይንቀሳቀሳል። “ግባና ፍሬን ርገጥ” አሉኝ። ረገጥኩ። አሁንም ይንቀሳቀሳል። “ፍሬን ስትረግጥ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነበር። አልጠፋም፤ እንግዲህ ከእግሩ መገጣጠሚያ ነው” አሉ። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘው ወዘወዙት። ጸጥ! የመሪው ቴስቲኒ ደህና ነው ማለት ነው። በመጨረሻ የታችኛውን ክንድ በብረት ሲያነሱት ጥፋተኛው ታየ፦ የቀኙ ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማ ተሸካሚውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ፣ ቤቱ ውስጥ ይጫወታል። የሁለቱም ክንዶች ጎሚኒ ተሰነጣጥቋል። ያ ሁሉ “ጓ ጓ” ደግሞ አብዛኛው ከስታቢላይዘሩ ላስቲኮች ኖሯል። ከሁሉ ርካሾቹ እነሱ ናቸው!

ሙሉ እግር ተብሎ የነበረው አንድ ቦል ጆይንትና ጥቂት ላስቲክ ሆኖ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ግን “አንዱ ካለቀ ጓደኛውም እየተከተለው ነው” ብለው ቦል ጆይንቱን በሁለቱም በኩል አስገዙኝ። ልክ ናቸው። አሞርዛተርም ቢሆን በአንድ በኩል ከሞተ ጥንዱ ነው የሚቀየረው፤ አለበለዚያ መኪናዋ እንደ አንካሳ ትሄዳለች።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስወርድ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ብረት አሮጌ ይገዛል፣ ላስቲክና ኳስ አሮጌ አይገዛም። ያልተጣመመ፣ ያልተበየደ፣ ዝገት ያልበላው ክንድ ወይም ሞላ ከሌላ መኪና የተፈታ ቢሆን ችግር የለበትም። ያገለገለ ቦል ጆይንት መግዛት ግን የሌላ ሰውን ሞት በቅናሽ መግዛት ነው። ያለቀውንም በብየዳ ሞልቶ “እንደ አዲስ አድርገነዋል” የሚላችሁን አትስሙ። ለሙቀትና ለብየዳ ያልተሠራ ብረት በተበየደበት በኩል ይሰነጠቃል፤ ሲሰበርም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ጎሚኒውን ከጎማ ቆርጠው የሚሠሩ አሉ፤ ለስታቢላይዘር ቢሆን እሺ፣ ለክንዱ ግን ልኩ የሆነውን ፈልጉ።

ሲገጠም ቆሜ አየሁ። ከሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። የክንዱን ብሎን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አላጠበቁትም። መኪናዋን መሬት አውርደው፣ ክብደቷ እግሯ ላይ ሲያርፍ ነው ያጠበቁት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ “ተንጠልጥላ ካጠበቅኸው ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ስታወርዳት ይቀደዳል። ከዚያ በወራት ውስጥ ተመልሰህ እኔን ትረግማለህ” አሉኝ። ስንቱ መካኒክ በችኮላ ይህን ዘልሎ፣ ስንቱ ባለመኪና “ዕቃው ፌክ ነው” እያለ ነጋዴውን ሲያማ እንደሚኖር አስቡት! ሌላም አሉኝ፦ መኪና በታጠበ ቁጥር ሥሯን ናፍጣ ማስረጨት ይቅር። ዝገት የሚከላከል መስሎን ላስቲኩን የምናበሰብሰው እኛው ነን። በመጨረሻም የጎማ አላይመንት አሠራሁ፤ አለዚያ አዲሱ ሥራ ጎማውን በጎን ይበላዋል።

ድምር ሒሳቡ ትልቁ ጋራዥ ከጠየቀኝ አንድ አራተኛ አልሞላም። ደላላው ከጠየቀኝ ግን በለጥ ይላል። ተመልሼ ሄድኩ፤ ያው መርማሪ ያንኑ ብረት ሰክቶ ነቀነቀ። አለፈች። በገዛ እግሯ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ እንዲመረመር ሲያዝ፣ እኛን ለማንገላታት አልነበረም። ቦል ጆይንት ተላቀቀ ማለት ጎማው ወደ ጎን ተጣጥፎ ይተኛል፤ መሪው በእጃችሁ ነው፣ መኪናዋ ግን አትሰማችሁም። ይህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ምን ያደርግልናል? መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የተቀመጠችውን እናት ያድናታል? በጉቦ ያለፈች መኪና የባለቤቷ ጉዳይ ብቻ አይደለችም። የእኔ ጉቦ የእናንተን ልጅ ይገጫል፤ የእናንተም የእኔን። መርማሪው በሐቅ “አላለፈም” ሲል ጠላታችን ሳይሆን ወዳጃችን ነው።

ወዳጅ ግን ወዳጅነቱን በሥራ ያሳይ! “የፊት እግር ልቅ” ምርመራ ሳይሆን እርግማን ነው። የትኛው ጎን፣ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ዛሬውኑ ካልተሠራ የማያስነዳ፣ የትኛው ትንሽ ሊቆይ የሚችል፣ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠን። ድፍን ያለ ወረቀት የሚጠቅመው ሁለት ሰው ብቻ ነው፦ ሙሉ እግር የሚሸጠውን ጋራዥና በሩ ላይ የሚጠብቀውን ደላላ። ደላላው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ “ነገ ወረቀቱ ይጠብቅዎታል” ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገረው ውስጥ ሆኖ የሚጽፍለት ስላለ ነው። ልጁን ከበሩ ማባረር ቅርንጫፉን መቁረጥ ነው፤ ሥሩ ግቢው ውስጥ ነው ያለው።

መንግሥትም ቢሆን ሒሳቡን ያስተካክል። አሮጌ መኪና ጠላሁ ብሎ በታክስ በሩን ዘጋ። እሺ፣ ይሁን። ግን ያሉት አሮጌዎች ከነሰዎቻቸው መንገድ ላይ ናቸው። ሌላ እንዳንገዛ ካደረገን፣ ያለንን በደህና እንድንጠግን ቢያንስ የፍሬን፣ የመሪና የእግር ዕቃዎችን ቀረጥ ያቅልልልን። እነዚህ ጌጥ አይደሉም፣ መድኃኒት ናቸው። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እግራችን ልቅ ሆነ ተብለን በየዓመቱ እንወድቃለን፤ ያንን እግር የሚያላቅቀውን የየሠፈሩን ጉድጓዳም መንገድስ ማን መርምሮ ይጥለዋል?

እስከዚያው ድረስ ግን ወገን፣ የራሳችንን ድርሻ እንወጣ። መኪናችሁ “ጓ” ካለች ራዲዮኑን ከፍ አታድርጉ፤ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። በላስቲክ ዋጋ የሚያልቀውን በነፍስ ዋጋ እንዳንከፍለው፣ ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር ይግጠመን!