ተራራ ማርክ አያነብም

ፒያሳ ጫማ ቤት የሚገባ ወጣት መጀመሪያ የሚያየው ማርኩን ነው፤ ቀጥሎ ቀለሙን። ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም። ቅዳሜ ሌሊት ተነስቶ ወንጪ ወይም ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ግን የምርጫው ዕዳ የሚከፈለው በቁርጭምጭሚት ነው።

«አባቶቻችን ዓድዋ የዘመቱት በባዶ እግራቸው ነው» የሚል መልስ አይጠፋም፤ በተለይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በቆመበት በዚህ ሰፈር። አበበ ቢቂላም ይጠቀሳል። ታሪኩ ግን እስከ መጨረሻው ይነገር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ። የማይሆን ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል፤ የሚሆነው ግን ጀግናንም ያግዛል።

የሚሆነውን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። የተራራ ከስክስ ቁርጭምጭሚትን ሸፍኖ መያዝ አለበት። ሶሉ ጣቶች ጋ ይታጠፍ እንጂ መሃሉ ላይ እንደ ጨርቅ የሚጠመዘዝ ከሆነ ድንጋይ ላይ እግርን አይደግፍም። የሚለካው ማታ ነው፤ ቀን የዋለ እግር ያብጣልና። ካልሲውም ለጉዞ የታሰበው ወፍራሙ ይሁን። ማሰሪያው ሳይታሰር እግርን ወደፊት ገፍቶ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት ካልገባ፣ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ታስሮ ሲራመዱ ተረከዝ የሚነሳ ከሆነም ውሃ ይቋጥራል። ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ሶሉን ጎንበስ አድርጎ ይፈትሽ፤ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ጫማ አዲስ ቢመስልም መንገድ ላይ ይላቀቃል።

ይህ ሁሉ ለቅዳሜ ተጓዥ ምክር ነው። ተራራ እንጀራው ለሆነ ሰው ግን የደህንነት ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ አዳኝ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ወደ ባሌና አርሲ ይመጣል፤ ጫማውንም ለወራት መርጦ ነው። ከፊቱ ዱካ እየፈለገ የሚመራው የአካባቢው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በኮንጎ ጫማ ወይም በላስቲክ ቦት ነው የሚሄደው። ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት የሚያጅበው ስካውትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። እሱ ወለም ያለው ቀን የቤቱ ገቢ ይቆማል።

«ኑሮው ተወዶ ማን ይገዛዋል?» ይባል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መልሱን መስጠት ያለበት ስካውቱ አይደለም። ለመኪና፣ ለድንኳንና ለምግብ በጀት የሚይዝ አስጎብኚ ወይም የአደን ድርጅት፣ ጫማንም ከሥራ መሣሪያ ይቁጠረው። ሀገሪቱ የከብት ቆዳም የጫማ ፋብሪካም አላት፤ የጎደለው ለሠራተኛው እግር የሚያዝዝ ቀጣሪ ነው።

እስከዚያው ፒያሳ ላይ ጫማ የሚለካ ሰው መስታወቱን ትቶ ደረጃውን ሁለት ሦስቴ ይውጣ፣ ይውረድ። አራዳ የሚባለው ማርክ ያወቀ ሳይሆን እግሩን ያወቀ ነው።