ምሥጢርን ከፍሎ ስለ ማኖር

ከአዳማ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ እርሻ ምርምር ማእከል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ከተቋቋመ ወዲህ በቦሎቄ፣ በማሽላ፣ በበቆሎና በአትክልት ዘር ላይ ብዙ የተደከመበት ስፍራ ነው። የአንድ ዘር ጠባይ የሚታወቀው ለብዙ ዓመት በመዝራት፣ በማጨድና በመመዘን ነውና፣ ከዚህ የተገኘው ጽሑፍ ቢጠፋ ያለፈው ክረምት ተመልሶ አይዘራም። ሥራው ገና ሳይፈጸም በባዕድ እጅ ቢወድቅም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚጠብቅ ሹም በሁለት አሳብ ይያዛል። በአንድ ሰርቨር ብቻ ያኖረው እንደ ሆነ፣ እሳት ወይም ብልሽት በደረሰበት ቀን ሁሉም ያልቃል። ይህን ፈርቶ በመልካሳም፣ በአዳማም፣ በአዲስ አበባም ግልባጩን ያኖረው እንደ ሆነ፣ ለሌባ ሦስት በር ከፈተለት፤ ሌባ ከሦስቱ ደካማውን መርጦ ይገባልና። ጽሑፉን በምሥጢር ቁልፍ ቢዘጋውም፣ ቁልፉን የት ያኑረው?

ለዚህ ጭንቀት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 አዲ ሻሚርና ጆርጅ ብላክሊ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በየፊናቸው መላ አገኙ። የሻሚርን ለማስረዳት የእርሻ ምሳሌ ይበቃል። በማሳ ላይ አንድ ችካል ብቻ ተተክሎ ያየ ሰው ገመዱ ወዴት እንደሚዘረጋ ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛው ሲተከል ግን በሁለቱ የሚያልፈው ቀጥ ያለ መስመር አንድ ብቻ ነውና፣ ገመዱ የማሳውን ድንበር የሚነካበት ቦታ ይታወቃል፤ ቁልፉም ያ ቦታ ነው። በዚያው መስመር ላይ ሦስት ችካል ተክለን ለሦስቱ ሰርቨሮች አንድ አንድ ብንሰጥ፣ አንዱን የሰረቀ ምንም አያገኝም፤ በአዳማ መብራት ቢጠፋ ደግሞ የመልካሳውና የአዲስ አበባው ይበቃሉ። ካህናት ይህን ሲሰሙ ቁልፎቹ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ የሚያዙትን ሙዳየ ምጽዋት ያስቡ ይሆናል። መልካም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሣጥኑን የሰበረ ገንዘቡን ያገኛል። በዚህኛው ቁልፉ ራሱ ተከፍሎ ስለሚኖር አንድ ቤት የሰበረ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የቀረው ጥያቄ ሰርቨሮቹ ባለቤቱን በምን ያውቁታል የሚለው ነው። ሰው በራሱ የሚሸከመው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም አጭር ነው። (በአንድ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር ተቀምጦ በዓይናችን አይተናል፤ ባለጉዳይ ሁሉ ያነበው ነበር።) እያንዳንዱ ሰርቨር የቃሉን መለያ ምልክት ለየብቻው ቢይዝ፣ አንዱን የሰረቀ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ቃላትን በየተራ ይሞክራል። አራት አኃዝ ያለው ቃል 10,000 ዓይነት ብቻ ስለ ሆነ፣ ለኮምፒዩተር የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅበትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 አሊ ባገርዛንዲና ባልደረቦቹ ያወጡት ሥራ ይህን በር ይዘጋል፤ ይኸውም የተወሰነውን ቁጥር ያህል ሰርቨር ያልያዘ ሰው ግምቱ ልክ መሆኑን በራሱ ሊመረምር እንዳይችል ያደርጋል። ለየግምቱ መጥቶ ማንኳኳት ግድ ይሆንበታል፤ ሰርቨሮቹም ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ ቆጥረው ይዘጉበታል።

ይሁን እንጂ ሦስቱን ሰርቨር አንድ ባለሙያ የሚያስተዳድራቸው ከሆነ ሦስት መባላቸው ስም ብቻ ነው፤ እርሱን ያታለለ ሦስቱንም ይዟልና። ሁለቱ በተያዙ ጊዜም ሌባው እንደ ገና በቤቱ ተቀምጦ ይገምታል፤ ያን ጊዜ የሚከላከለው የቃሉ ርዝመት ብቻ ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ አለቆች ሰርቨር ሲያስገዙ ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት፣ የሚጠብቁት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑና ለአንድ አለቃ ይታዘዙ እንደ ሆነ ቢጠይቁ እንወድዳለን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሹም ቢዛወር ወይም ቢሞት ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይወሰን፤ ቃሉን የረሳ ባለቤት በሰርቨሮቹ ፊት ከሌባው አይለይምና።